የሶሻል ወርከሩን ስንቅ ማን ይሰንቅ?

በመራዊ ከተማ የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር



ዛሬ በፊታችሁ የምናገርበት ጉዳይ ስሙ እንግዳ ቢመስልም ግብሩ በመካከላችን ጥንታዊ ነው። ሰው በሞት ወይም በደዌ፣ በስደት ወይም በጠብ፣ አለዚያም በድህነት ምክንያት ኑሮው በተናጋበት ጊዜ፣ ከጎኑ ቆሞ ነገሩን ከሥሩ የሚመረምርለት፣ በሕግም በሥርዓትም የሚገባውን ረድኤት የሚያገኝበትን በር አብሮት የሚያንኳኳለት፣ በራሱ እግር መቆም ሲችልም በሰላም የሚያሰናብተው ባለሙያ አለ፤ እርሱንም የዘመኑ ሰው «ሶሻል ወርከር» ይለዋል፣ መሥሪያ ቤቶችም «የማኅበራዊ አገልግሎት ባለሙያ» ብለው ይጽፉታል። እኔ በዚህ ንግግሬ ሕዝቡ የሚጠራበትን ስም እይዛለሁ። የማነሣውም ጥያቄ ይህ ነው፤ ይህ ሰው የሚማረው የት ነው፣ ሥራውንስ የሚለማመደው በማን ደጅ ነው፣ ተምሮ እስኪጨርስ ድረስስ እንጀራውን የሚሰጠው ማን ነው?

ጥያቄውን ያነሣሁት በመራዊ ቆሜ ነውና ነገሩን ከመራዊ ልጀምር። ከተማችን ከባሕር ዳር ሠላሳ ከሚበልጡ ኪሎ ሜትሮች ርቃ በሜጫ ለም መሬት ላይ የተቀመጠች ናት፤ በአጠገቧም የቆጋ ወንዝ ተገድቦ፣ 83 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ያህል ውኃ አቁሮ፣ ወደ 7,000 ሄክታር የሚጠጋ ማሳ እንዲያጠጣ ተደርጓል። ይህ ታላቅ በረከት መሆኑን በበጋ ወራት ስንዴውንና ድንቹን፣ ሽንኩርቱንና ጎመኑን ያየ ሁሉ ይመሰክራል። ነገር ግን መሐንዲሱ የግድቡን ቁመትና የቦዩን ርዝመት እየለካ በመዝገብ ሲያሰፍር፣ ውኃው በተኛበት ምድር ይኖሩ የነበሩት አባወራዎች ቤታቸውን ነቅለው ሲሄዱ፣ ከቤቱ ጋር አብሮ የተነቀለውን ዕድር፣ የጽዋ ማኅበር፣ የአባትና የእናት መቃብር፣ ማታ ማታ ቡና የሚጠራሩበትን ጉርብትና በመዝገብ ያሰፈረ ባለሙያ ማን ነበር? የካሳው ገንዘብ ይቆጠራል፤ አንዲት ባልቴት እሳት የምትጭርበት የጎረቤት ምድጃ ግን በሄክታር አይለካም። ይህን መለካት የሚችል ትምህርት በዓለም ላይ አለ፤ ዛሬ የምነግራችሁም ስለዚሁ ትምህርት ነው።

ከቆጋ ውኃ የሚከብድ ሌላም ነገር አለ። በጥር ወር 2016 ዓ.ም. በዚህች ከተማ የሆነውን እናንተ ከእኔ ይልቅ ታውቁታላችሁ፤ የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም ቢያንስ 45 ሲቪል ሰዎች እንደ ተገደሉ አስታውቋል። የእኛ ሕዝብ ሐዘንን የሚሸከምበት ሥርዓት ታላቅ ነው፤ ድንኳን ይተክላል፣ ሣልስት ያወጣል፣ አርባና ሰማንያ ይቆጥራል፣ ሙት ዓመት ያወጣል። ነገር ግን ድንኳኑ ከተነቀለ፣ ለቀስተኛውም ወደየቤቱ ከተመለሰ በኋላ፣ ሌሊት ሌሊት እየባነነ የሚጮኸው ሕፃን፣ ከትምህርት ቤት ቀርታ ታናናሾቿን የምታሳድገው የበኩር ልጅ፣ የሟች ባሏን ወረቀት ይዛ ከቢሮ ወደ ቢሮ የምትንከራተተው መበለት በዚያው ቤት አሉ። ዕድሩ ግዴታውን ፈጽሟል፤ ከዕድሩ ቀጥሎ የሚመጣው ሰው ግን አልመጣም።

አባቶቻችን ይህን ሥራ አያውቁትም ነበር የሚል ቢኖር ተሳስቷል። የቤተ ክርስቲያን የሥርዓት መጽሐፍ የሆነው ዲድስቅልያ ኤጲስ ቆጶሱ እጓለ ማውታንንና መበለታትን እንዲጠብቅ ያዝዛል፤ ፍትሐ ነገሥትም ስለ ምጽዋት ራሱን የቻለ አንቀጽ አለው፣ አባትና እናት የሌለው ልጅ ንብረቱን ማን እንደሚጠብቅለትም ሥርዓት ሠርቷል። በየመንደሩም የንስሐ አባት የሰውን ገበና ሰምቶ በሆዱ ይይዛል፣ ሽማግሌ የተጣላውን ያስታርቃል፣ ዕድር ይቀብራል፣ ደቦ የታመመውን ሰው እርሻ ያርስለታል። አዲሱ ሙያ እነዚህን ሊያፈርስ አልመጣም፤ ነገር ግን እነዚህ ብቻቸውን የማይደርሱበት ቦታ እንዳለ በግልጥ መናገር ግዴታዬ ነው። ምሳሌ ላቅርብ። አንዲት የ14 ዓመት ልጅ ልትዳር ቀን ተቆርጦላታል እንበል። ሽማግሌው የሁለቱን ቤተሰቦች ስምምነት ይመለከታል፣ የንስሐ አባትም የቤቱን ሰላም ይሻል፤ ሕጉ ግን የጋብቻ ዕድሜ 18 ዓመት ነው ብሎ ወስኗል። ልጅቱ ምን እንደምታስብ ለብቻዋ ጠይቆ የሚሰማት፣ አባቷንም ሳያዋርድ ድህነቱ ወደዚህ ምክር እንዴት እንዳደረሰው የሚረዳለት፣ ከትምህርት ቤቱ ርእሰ መምህር፣ ከሴቶችና ማኅበራዊ ጉዳይ ጽሕፈት ቤት፣ አስፈላጊ ከሆነም ከፖሊስና ከፍርድ ቤት ጋር ነገሩን አያይዞ እስከ ፍጻሜው የሚከታተል ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሰው ቸር ልብ ብቻ ያለው ሰው አይደለም፤ የተማረ ሰው ነው። ቸርነት ያለ ትምህርት አንዳንድ ጊዜ የሚጎዳ ነገር መሆኑን፣ የተደበደበችውን ሚስት «ቻይው» ብለን ወደ ደብዳቢዋ በመለስን ጊዜ ሁሉ አይተናል።

እንግዲህ ወደ ስንቁ እመለሳለሁ። ጎጃም ስለ ትምህርት ወጪ ከማንም የሚበደረው ምሳሌ የለም፤ ይህ አገር ለብዙ መቶ ዓመታት ሊቃውንትን ያፈራው ያለ ትምህርት ሚኒስቴር በጀት ነውና። የቆሎ ተማሪ ዳባውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ በእጁ የውሻ መከላከያ በትር ይዞ ከእናት ከአባቱ ቤት ይወጣል፤ ንባቡን ከአንዱ፣ ዜማውን ከሌላው፣ ቅኔውን ከዋሸራ ወይም ከጎንጅ፣ መጻሕፍቱንም ከሌላ ደብር እየተማረ፣ አንዱ የኔታ የሌለውን ሙያ ከሌላው የኔታ እየለቀመ ይዞራል። የኔታም የመማሪያ ዋጋ አይጠይቀውም፤ እርሱም ውኃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፣ የመምህሩን እርሻ ያርማል። የዕለት ጉርሱን የሚሰጠው ግን ሕዝቡ ነበር። «በእንተ ስማ ለማርያም» ብሎ በደጅ የቆመውን ልጅ፣ ስሙንም አገሩንም ሳትጠይቅ፣ ከመሶቧ ቁራሽ አንሥታ የሰጠችው የገጠር ሴት የኢትዮጵያ የመጀመሪያዋ የትምህርት ባለ አደራ ናት። ስሟ በየትኛውም የምረቃ መጽሔት ላይ አልተጻፈም፤ ሆኖም ያለ እርሷ አንድም ቅኔ አዋቂ፣ አንድም የመጻሕፍት መምህር ባልተገኘ ነበር።

ይህን ስል ረኃብን ማመስገኔ አይደለም። በዚያ ሥርዓት ውስጥ በተስቦና በችጋር ያለቀው ወጣት ቁጥሩ የማይታወቅ ነው፤ ልጃገረዶችም ከዚያ መንገድ ከሞላ ጎደል ተከልክለው ኖረዋል። የማመሰግነው ሕዝቡ የነበረውን ማስተዋል ነው። ሕዝቡ ቄስ እንደሚያስፈልገው፣ ደብተራ እንደሚያስፈልገው፣ ልጁን የሚያጠምቅለትና ሙታኑን የሚፈታለት እንደሚያስፈልገው ያውቅ ነበር፤ ስለ ሆነም ካህኑ ገና ልጅ ሳለ ይመግበው ነበር። ሶሻል ወርከር ያስፈልገናል ብለን ካመንን፣ እርሱንም ገና ተማሪ ሳለ ልንመግበው ይገባናል።

በዘመናዊው ዓለም ይህ ትምህርት የራሱን ቤት ያገኘው ከመቶ ሃያ አምስት ዓመት ወዲህ ነው። ከዚያ ጥቂት ቀደም ብሎ በአሜሪካ አገር በቺካጎ ከተማ ጄን አዳምስ የምትባል ሴት በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1889 ከስደተኞችና ከሠራተኞች መካከል ቤት ይዛ መኖር ጀመረች፤ ሃል ሃውስ የተባለው ያ ቤት መዋእለ ሕፃናትም፣ የማታ ትምህርት ቤትም፣ ስለ ፋብሪካ ሠራተኞች መብት የሚመከርበት ሸንጎም ሆነ፤ እርሷም በ1931 የኖቤል የሰላም ሽልማት ተቀበለች። ትምህርቱ ወደ አፍሪካ ሲመጣ በካይሮ የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት በ1937፣ በጆሐንስበርግም በ1941 ተከፈተ። አዲስ አበባ ብዙ አልዘገየችም፤ በዚሁ አቆጣጠር በ1959 በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ሁለት ዓመት የሚያስተምር ትምህርት ቤት ከፈተች፣ ከጥቂት ጊዜ በኋላም ይኸው ትምህርት ቤት በ1961 ከተቋቋመው ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጠቃሎ በዲግሪ ማስመረቅ ጀመረ።

በዚያ ዘመን የነበረ አንድ ሥርዓት ዛሬ ልናስታውሰው የሚገባ ነው። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የዩኒቨርሲቲው ተማሪ ከመመረቁ በፊት አንድ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛት ወጥቶ እንዲያገለግል ይገደድ ነበር፤ የሚበዛውም በየአውራጃው ትምህርት ቤት እያስተማረ ያን ዓመት ይፈጽማል። በጎንደርም በ1954 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኖችን፣ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎችን አንድ ላይ እያሠለጠነ ሕዝቡ ወዳለበት ይልካቸው ነበር። እነዚህ ሁለት ሥራዎች የሚያስረዱት ነገር፣ ሕዝብን የሚያገለግል ሰው በመጽሐፍ ብቻ እንደማይበስል የቀድሞዎቹ መምህራን ተረድተውት እንደ ነበር ነው።

ከዚያም አብዮቱ መጣና የአዲስ አበባው የሶሻል ወርክ ትምህርት ቤት ተዘጋ፤ ተማሪዎቹና መምህራኑም ወደ ሶሲዮሎጂ ክፍል ተጠቃለሉ። ሥርዓቱ ከተለወጠ ችግሩም አብሮ ይለወጣል የሚል እምነት የነገሠበት ዘመን ነበርና የአንዱን ቤት ችግር ለብቻ የሚመረምር ባለሙያ እንደ ትርፍ ተቆጠረ። የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ሲወርድ፣ ሕፃናት እናታቸው ሞታባቸው በየመጠለያው ሲሰበሰቡ፣ አገራችን የዚህ ሙያ ትምህርት ቤት አልነበራትም። ቀዳዳውን በባዶ እጃቸው የደፈኑ ሰዎች ግን ነበሩ፤ ከነዚህም አንዷ እመት አበበች ጎበና ናቸው፤ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1980 ግሸን ማርያምን ሊሳለሙ ሄደው ወሎ ላይ ረኃብ የጣላቸውን ሰዎች አዩ፣ ሁለት ሕፃናትንም ይዘው ወደ አዲስ አበባ ተመለሱ፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ በ2013 ዓ.ም. እስካረፉ ድረስ የእጓለ ማውታን እናት ሆነው ኖሩ። ስለ እርሳቸው ባሰብሁ ቁጥር የማስበው፣ አንድ መቶ የተማሩ ወጣቶች ከጎናቸው ቢሰለፉ ኖሮ ያ ሥራ የት በደረሰ ነበር የሚለውን ነው።

ሠላሳ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2004፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ትምህርቱ በማስተርስ ደረጃ እንደ ገና ተጀመረ፤ ከሁለት ዓመት በኋላም የዶክትሬት ትምህርት ተጨመረ። በኤድስ ምክንያት ወላጅ ያጣው ሕፃን ብዛት አገሪቱን ያስጨነቀበት ወቅት ነበር። ዩኒቨርሲቲውን የረዳውም በቺካጎ ያለው፣ በጄን አዳምስ ስም የተጠራው ኮሌጅ ነው። የመጀመሪያው ዲግሪም ተመልሶ መጣ፤ ከዚያ ወዲህ ጎንደር፣ ጅማና ሌሎች ዩኒቨርሲቲዎች ተከተሉ፤ ለእኛ ከሁሉ የሚቀርበው የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲም ይህን ትምህርት ያስተምራል።

እናንተ ተማሪዎች፣ መንገዱ በአሁኑ ጊዜ እንዲህ ነው። የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ታልፋላችሁ። ይህ ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ውስጥ መሰጠት በጀመረበት በ2014 ዓ.ም. የትምህርት ዘመን ተፈታኞች መካከል የማለፊያውን ነጥብ ያገኘው ከመቶው ሦስት ያህሉ ብቻ እንደ ነበር አትርሱ፤ ለዚህም ነው ጥቂት ነጥብ ለጎደላቸው «ሪሜዲያል» የሚባለው የማካካሻ ትምህርት የተዘጋጀው፤ በእርሱ መግባት ነውር አይደለም። ወደ ዩኒቨርሲቲ ስትገቡ የመጀመሪያውን ዓመት ሁሉም በሚማረው የጋራ ትምህርት ታሳልፋላችሁ፤ ከዚያ በኋላ በውጤታችሁና በምርጫችሁ መሠረት ወደየክፍሉ ትመደባላችሁ፤ በመጨረሻም የመውጫ ፈተና አለ። ከዚያ በላይ ለማስተርስ የሚፈልግ ብሔራዊውን የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ያልፋል። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራሱን የቻለ አስተዳደር ስለ ተፈቀደለት የራሱን የመግቢያ ፈተና ይሰጣል፤ ወደዚያ የምታስቡ ማስታወቂያውን ለብቻው ተከታተሉ። ሥራ ላይ ላለ ሰው የማታና የቅዳሜ እሑድ መርሐ ግብርም አለ፤ የክፍያው ነገር ግን ከመደበኛው ይለያል።

በዚህ መንገድ ላይ አንድ ክፉ ልማድ አለ፤ ክፍል ሲመረጥ ሶሻል ወርክ በሦስተኛና በአራተኛ ተራ ይጻፋል፤ ብዙዎችም የሚገቡበት ሌላው ስለ ሞላባቸው ነው። እንዲህ ሆኖ የገባ ተማሪ ጎበዝ ሊሆን አይችልም አልልም፤ ጎበዝ የሆኑም አውቃለሁ። ነገር ግን የሰውን መከራ ለመስማት የሚቀመጥ ሰው በፈቃዱ የተቀመጠ ቢሆን ይሻላል። ወላጆች ሆይ፣ ልጃችሁ «ሶሻል ወርክ እማራለሁ» ሲላችሁ ፊታችሁን አታጥቁሩበት።

ስለ ገንዘቡ ደግሞ እንናገር። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚማር ልጅ የተማረው በነፃ አይደለም። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ2003 በሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ የተጀመረው፣ ሰዉ «ኮስት ሼሪንግ» የሚለው የወጪ መጋራት ሥርዓት፣ ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ወጪ በሙሉ፣ የትምህርቱን ወጪ ደግሞ በከፊል ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ እንዲከፍል ያዝዛል። መምህር ሆኖ የሚያገለግል ሰው ግን ገንዘቡን በአገልግሎት እንዲተካ ተፈቅዶለታል። ይህ ለመምህሩ የተሰጠ ምሕረት ለሶሻል ወርከሩም ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ በየወረዳው የሚያገለግል፣ ከባሕር ዳርና ከአዲስ አበባ ርቆ በመራዊ፣ በዳንግላ፣ በአዴት የሚቀመጥ ባለሙያ ዕዳው በየዓመቱ አገልግሎቱ እንዲሰረዝለት ለሚመለከታቸው ሁሉ አሳስባለሁ። ሕፃን ያዳነ ሰው ከደመወዙ ላይ የዶርሙን አልጋ ኪራይ ሲቆረጥበት ማየት ፍትሕ አይመስለኝም።

ነጻ የትምህርት ዕድል የሚሰጥም አለ። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከማስተርካርድ ፋውንዴሽንና ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ከ2017 ጀምሮ በሚያካሂደው ሥራ፣ በተለይ ለአካል ጉዳተኞች ትኩረት ሰጥቶ፣ ብዙ ወጣቶችን ደግፏል። በእንዲህ ያለ ዕድል ለመጠቀም ግን ማስታወቂያውን ማንበብ፣ ማስረጃን አስቀድሞ ማዘጋጀት፣ የቀበሌ መታወቂያና የትምህርት ማስረጃ በእጅ መያዝ ያስፈልጋል፤ የገጠር ልጅ ዕድሉ የሚያመልጠው በማነሱ ሳይሆን ዘግይቶ በመስማቱ ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ሁሉ ቀላሉ ክፍል ነው። ከባዱ የመስክ ልምምዱ ነው። ሶሻል ወርከርን ሶሻል ወርከር የሚያደርገው ይኸው ነው፤ ቀዶ ሐኪም ያለ ሆስፒታል እንደማይሠለጥን፣ ቅኔ ያለ ጉባኤ እንደማይነገር፣ ይህም ሙያ ያለ ልምምድ አይገኝም። ተማሪው ለወራት ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ማረሚያ ቤት፣ ወደ ትምህርት ቤት፣ ወደ ፍርድ ቤት፣ ወይም ወደ ግብረ ሠናይ ድርጅት ይመደባል፤ በዚያም ባለጉዳይ ያነጋግራል፣ ቤት ለቤት ይጎበኛል፣ የሰማውን መዝግቦ ምስጢሩን ይጠብቃል፣ በየሳምንቱም ሥራውን ለሚመራው ባለሙያ ያቀርባል፤ መሪውም «ይህን ለምን ጠየቅህ? ይህን ለምን ሳትጠይቅ አለፍህ?» እያለ ያርመዋል። ልክ የኔታ ተማሪው የዘረፈውን ቅኔ ቃል በቃል እንደሚያርም ማለት ነው።

የሚሆነው ግን ሁልጊዜ ይህ አይደለም። በመምህርነት በኖርሁባቸው ዓመታት የማውቃት አንዲት ተማሪ ለልምምድ ወደ አንድ መሥሪያ ቤት ተመድባ ሄደች። በዚያ ቤት ሙያውን የሚያውቅ መሪ አልነበረም፤ ወንበር ሰጧትና መዝገብ አስገለበጧት። ሁለት ወር ሙሉ ደብዳቤ ስትቆጥርና ስታደርስ ቆየች። አንድ ቀን ባሏ የሞተባት፣ ሦስት ልጆች የያዘች ሴት መጥታ ስታለቅስ «ነገ ተመለሽ» ተብላ ስትመለስ በዓይኗ አይታለች፤ ተከትላት ልትሄድ ብትነሣም «አንቺ ተማሪ ነሽ፣ ተቀመጪ» አሏት። ከማደሪያዋ እስከዚያ ቢሮ አንድ ሰዓት ያህል በእግሯ ትሄድ ነበር፤ ምሳዋም ብዙ ጊዜ ደረቅ ዳቦ ነበር፤ የባጃጅ ሂሳብ አልነበራትምና። ስትመለስ የነገረችኝን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም፤ «የኔታ፣ ሰዉን ስለ መርዳት አራት ዓመት ተማርሁ፤ እኔን የረዳኝ ግን የተከራየሁባት አሮጊት ብቻ ናት፤ ማታ ማታ ሽሮ ታካፍለኝ ነበር» አለችኝ።

ያች አሮጊት በደጇ ለቆመው የቆሎ ተማሪ ቁራሽ የሰጠችው የገጠር ሴት የልጅ ልጅ ናት ብዬ አምናለሁ። በአንድ በኩል ልቤን ታጽናናዋለች፤ በሌላ በኩል ግን አንድ ሙሉ ሙያ በአንዲት አሮጊት ሽሮ ላይ እንዲቆም መተዋችን ያሳዝነኛል። የዩኒቨርሲቲው በጀት የዶርሙን ምግብ ይችላል፤ ተማሪው ለልምምድ ከግቢ ሲወጣ ግን ለመጓጓዣው፣ ለማደሪያው፣ ለምሳው በቂ ነገር ብዙ ጊዜ አይከተለውም። ስለዚህም ትምህርት ክፍሎች ተማሪዎቻቸውን ወደ ገጠር ለመላክ ይቸገሩና በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በዩኒቨርሲቲው በፔዳ ግቢ አቅራቢያ፣ በፈለገ ሕይወትና በጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች፣ በከተማው ጽሕፈት ቤቶች ያከማቿቸዋል። ውጤቱም የሚታይ ነው፤ በከተማ የተለማመደ በከተማ ይቀራል፣ መራዊም ትቀራለች።

ይህ ሊለወጥ የማይችል ዕጣ ፈንታ አይደለም። ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ መንግሥት የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ሲዘረጋ ያደረገውን እናስታውስ። አሥረኛ ክፍል የጨረሱ ሴቶች፣ አብዛኞቹ የዚያው አካባቢ ተወላጆች፣ አንድ ዓመት ሠልጥነው፣ ለየቀበሌው ሁለት ሁለት ሆነው፣ በመንግሥት ደመወዝ ተመደቡ፤ ቁጥራቸውም ከ30,000 በላይ ደረሰ። ዛሬ በሜጫ ቀበሌዎች ውስጥ ሕፃን ሲከተብ፣ እናት ስትመዘገብ የምናየው ከዚያ የተነሣ ነው። መንግሥት የሰውን ሥጋ ለመጠበቅ ይህን ያህል ከቻለ፣ የሰውን ኑሮ ለመጠበቅ ቢያንስ ለየወረዳው ጥቂት የሠለጠኑ ሶሻል ወርከሮች መመደብ አያቅተውም። በ2014 ዓ.ም. ማኅበራዊ ጉዳይ ከሠራተኛው ጉዳይ ተለይቶ ከሴቶች ጉዳይ ጋር በአንድ ሚኒስቴር ሥር መቀመጡ ለዚህ ጥሩ አጋጣሚ ነው፤ መዋቅሩ እስከ ወረዳ ድረስ ወርዷልና።

መራዊ ግን መንግሥት እስኪያስብ መጠበቅ የለባትም። ይህች ከተማ ለሶሻል ወርክ ተማሪ ከማንኛውም የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ የምትበልጥ ትምህርት ቤት ናት ብዬ ስናገር ማጋነኔ አይደለም። ሆስፒታል አላት፣ ፍርድ ቤት አላት፣ ትምህርት ቤቶች አሏት፤ የቆጋ መስኖ ተጠቃሚዎች ማኅበራት አሉ፣ በውኃ ተራ የሚጣሉና የሚታረቁ ገበሬዎች አሉ፤ በአካባቢያችን በሆነው ጦርነት ትምህርታቸው የተቋረጠባቸው ልጆች አሉ፤ የተጎዱ ቤቶች አሉ፤ ከሁሉም በላይ ሐዘንን በጋራ የሚሸከም ሕዝብ አለ። ለተማሪው የጎደለው ማደሪያና ምሳ፣ ሥራውንም የሚመራለት ሰው ነው።

ስለዚህ ልመናዬን ለየአንዳንዳችሁ አቀርባለሁ። የጽሕፈት ቤት ኃላፊዎች ሆይ፣ ዩኒቨርሲቲው ተማሪ ሲልክላችሁ መዝገብ አታስገልብጡት፤ ከእናንተ መካከል በሙያው የሠለጠነ ካለ መሪ አድርጉለት፣ ከሌለም መምህሩ በየሁለት ሳምንቱ ከባሕር ዳር እየመጣ እንዲያርመው ተስማሙ፣ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ካህናት አባቶቻችንና የመስጊድ ኢማሞች ሆይ፣ እናንተ የምትሰሙትን የቤት ለቤት መከራ ያህል የሚሰማ ማንም የለም፤ ምስጢሩን ሳትገልጡ ባለጉዳዩን ራሱን አስፈቅዳችሁ ወደ እነዚህ ወጣቶች ምሩት። ተማሪዎች ሆይ፣ ምርጫችሁን ስትጽፉ ይህን ሙያ በመጀመሪያው መስመር ላይ ለመጻፍ አትፍሩ፤ ከጻፋችሁም በኋላ ወደ አገራችሁ ለመመለስ አትፍሩ።

የመራዊ ዕድሮችና ሰንበቴዎች ሆይ፣ እናንተ የሞተውን ሰው በክብር ስትቀብሩ ኖራችኋል። የሚቀጥለው የመስክ ልምምድ ወራት ሲደርስ፣ እያንዳንዳችሁ አንድ ተማሪ ተቀበሉ፤ ማደሪያ ስጡት፣ ከመሶባችሁ አብሉት፣ ባለፉት ዓመታት ሐዘን ወደ ገባባቸው ቤቶችም እጁን ይዛችሁ አስገቡት።